ልጄ ለቴአትር ኮሌጅ ልትፈተን ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ። የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ 11ኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች፣ ትምህርት ቤቷም ሁለት ጊዜ ሙዚቃዊ ቴአትር ሠርታለች። አሁን ‹ሙዚቃል ቴአትር ካልሆነ ሌላ አልማርም› ብላ ቁርጡን ነገረችን። አባቷ ‹አዝማሪ ልትሆን ነው?› አለና ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ በቅጡ አያናግራትም። እኔ ነርስ ብትሆንልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ልቧንም መስበር አልፈልግም። ግን ነገሩ አይገባኝም። ፕሪስክሪን ትላለች፣ ዩኒፋይድ ትላለች፣ ሞኖሎግ ትላለች። አንድ አሠልጣኝ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍላችሁ ላዘጋጃት ብሏል። ዳንስ ተምራ አታውቅም፣ እስክስታ ግን አንደኛ ናት። ደግሞ ፈረንጆቹ እንዳይቸገሩ ብላ ስሟን ልታሳጥር ነው። ምን ላድርግ? የጨነቃት እናት።»

እህቴ ሰላም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ አትቀየሚኝ። የወንድሜ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ነገር ስትጀምር እኛም ቤት የተባለው ይኸው ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንኳ አልቀረም። ሻንጣ እየጎተትኩ ከኦዲሽን ኦዲሽን (ፈታኞች ፊት ቀርቦ ችሎታን ማሳየት ማለት ነው) ያዞርኳት እኔ አክስቷ ነኝ፣ ስለዚህ ከምነግርሽ ግማሹን በዓይኔ ያየሁት ነው።

በመጀመሪያ የሚያስጨንቁሽን ቃላት እንፍታቸው። እዚህ አገር ትወና የሚያስተምሩ ብዙ ኮሌጆች ተማሪ የሚቀበሉት በውጤት ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ውጤቷን ያያል፣ የቴአትር ክፍሉ ደግሞ እሷን ራሷን ያያል። በብዙዎቹ ዘንድ ሁለቱም «እሺ» ካላሉ አትገባም። ኤንዋይዩን (የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲን) ብትወስጂ፣ ቲሽ የሚባለው የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ለድራማ አመልካቾች የትምህርት ውጤቱንም ኦዲሽኑንም እኩል ነው የሚመዝነው። ስለዚህ «እኔ አርቲስት ነኝ፣ ሒሳብ ምን ያደርግልኛል» ማለት ከጀመረች ይህቺን ንገሪያት።

የዲግሪው ዓይነት ይለያያል። ቢኤፍኤ የሚሉት አብዛኛው ትምህርት ሙያው ላይ የሆነበት ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ትወና፣ ድምፅ፣ ዳንስ፣ ልምምድ። ቢኤ ሰፋ ያለ ነው፤ ቴአትርም ትማሪያለሽ፣ ሌላም ትማሪያለሽ፣ ሁለት ዲግሪ መደረብም ይቀላል። ሙዚቃው የሚያመዝንባቸው ደግሞ ባችለር ኦፍ ሚውዚክ ይሰጣሉ። ቢኤፍኤ ኦዲሽን ይፈልጋል፣ ከጥቂቶቹ በቀር። ቢኤ ብዙ ቦታ ኦዲሽን የለውም። ኦዲሽን የለም ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ተማሪዎቹን ያለ ኦዲሽን ነው የሚቀበለው፣ በውጤት ግን ላብ የሚያስጠምቅ ነው።

የኛ ሰው ደግሞ ጁሊያርድ የሚል ስም ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ኒውዮርክ ያለውን ስመ ጥር የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ወንድሜ «ጁሊያርድ ካልገባች ምን ዋጋ አለው» ብሎ ነበር፣ ከየት እንደሰማው እንጃ። ጁሊያርድ በመጀመሪያ ዲግሪ ሙዚቃል ቴአትር አያስተምርም! ትወና ነው ያለው። ሙዚቃል ቴአትር የምትፈልግ ልጅ የምትሰማቸው ስሞች ሌሎች ናቸው፦ ፒትስበርግ ያለው ካርኔጊ ሜለን (በአሜሪካ በድራማ ዲግሪ መስጠት የጀመረ የመጀመሪያው ነው፣ በ1914)፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ የሲንሲናቲው ኮንሰርቫቶሪ። ዋሽንግተን ያለው ሃዋርድም አለ። የኪነ ጥበብ ኮሌጁ ከ2021 ጀምሮ በቀድሞ ተማሪው በተዋናይ ቻድዊክ ቦስማን ስም ነው የሚጠራው።

አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ክፍል የሚወስዱት ከ10 እስከ 20 ተማሪ ነው። አመልካቹ ከሺህ ይበልጣል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም፣ ዝርዝሩን ስታወጡ እንድታስቢበት ነው።

ፕሪስክሪን ማለት ቅድመ ማጣሪያ ነው። በአካል ከመጥራታቸው በፊት ቪዲዮ ይጠይቃሉ። ድሮ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የየራሱን ነበር የሚጠይቀው፤ አሁን ብዙዎቹ ተስማምተው ኮመን ፕሪስክሪን የሚሉትን ተመሳሳይ መስፈርት ይጠቀማሉ። ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ሁለት የተለያየ መንፈስ ያላቸው ዘፈኖች፣ አንድ ወይም ሁለት ሞኖሎግ (በኛ መነባንብ የምንለው)፣ አጭር ዳንስ፣ አንዳንዴም «ዋይልድ ካርድ» የሚሏት ነፃ ቪዲዮ ነው። ዘፈኑም ሞኖሎጉም ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። አጭር ነው። በጣም አጭር። ለዚያች ደቂቃ ነው እንግዲህ ቤተሰብ ሁሉ ዓመት ሙሉ የሚታመሰው።

ዩኒፋይድ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቦታ ተሰብስበው የሚፈትኑበት ነው። ኒውዮርክ፣ ቺካጎና ሎስ አንጀለስ ይደረጋል፣ ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ። እያንዳንዱ ግቢ ድረስ ከመብረር ይሻላል። በኦንላይን የሚፈትኑም አሉ፣ ስለዚህ አውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ጠይቂ።

ቺካጎ የሄድንበት ቀን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ትልቅ ሆቴል ነው። ኮሪደሩ ላይ ልጆች እግራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ያፍታታሉ። አሳንሰር ውስጥ አንዱ «ማ ሜ ሚ ሞ ሙ» እያለ ድምፁን ያሟሙቃል፣ ማንም ዞሮ አያየውም። አንዲት እናት ሻንጣ ላይ ቀሚስ ትተኩሳለች። የኛዋ ልጅ ማስቲካ እያኘከች ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ ነኝ የምንቀጠቀጠው። ተራዋ ደረሰ፣ ገባች። በሩ ወፍራም አይደለም፣ ይሰማል። ፒያኖው ጀመረ፣ ቆመ። እንደገና ጀመረ፣ ቆመ። ምን እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ። የኖታውን ወረቀት ያተምኩት እኔ ነኝ፣ ቤት ባለው ፕሪንተር። ለካ ፕሪንተሩ የገጹን ታች ቆርጦታል፤ የፒያኒስቱ ግራ እጅ የሚያነበው መስመር ጭራሽ የለም! ሰውየው በቀኝ እጁ ብቻ እየለቀመ አጀባት። ስትወጣ አልተቆጣችኝም። «አክስቴ፣ አመሰግናለሁ አልኩት፣ ደግሞም ጨርሻለሁ» ነው ያለችው። እኔ ግን እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

የሚገርምሽ፣ ከጠሩዋት ትምህርት ቤቶች አንዱ ያ ነው። ኋላ የዚያ ትምህርት ቤት አስተማሪ እንደነገሯት፣ ፒያኖው ሲሰናከል ዞራ ፒያኒስቱ ላይ አለማፍጠጧን፣ ፊቷ አለመለወጡን፣ ዘፈኑን ይዛ መቀጠሏን ነበር ያዩት።

ልነግርሽ የፈለግሁት ዋና ነገር ይሄ ነው። እኛ ኦዲሽንን እንደ ማትሪክ ነው የምናየው። ስህተት ተቆጥሮ ማርክ የሚቀነስ ይመስለናል። እነሱ ግን ያለቀላት ተዋናይት አይፈልጉም፣ ያለቀላትማ ትምህርት ቤት ምን ልታደርግ ትመጣለች? የሚያዩት «ይህቺን ልጅ አራት ዓመት ማስተማር እንችላለን ወይ? ትሰማናለች ወይ?» የሚለውን ነው። ስለዚህም ነው ሞኖሎጉን ጨርሳ ስታበቃ ድንገት «አሁን ደግሞ ለታናሽ እህትሽ ሚስጥር እንደምትነግሪ አድርገሽ በይው» የሚሏት። አብዛኛው ልጅ ይህን ሲሰማ «አበላሸሁት ማለት ነው» ብሎ ይደነግጣል። በተቃራኒው ነው፣ ፈልገዋታል። እንደ መጀመሪያው አድርጎ መድገም ነው ጥፋቱ። እንግዳ ቢመስልም፣ ቢያስቅም፣ የተባለችውን ሙሉ በሙሉ ትሞክረው። ቤት ውስጥ ተለማመዱት፤ ሞኖሎጓን አንዴ በሹክሹክታ፣ አንዴ እየሳቀች፣ አንዴ ልብስ እያጠፈች ትበለው። አንቺ ትእዛዝ ስጪያት፣ ለዚህ የቴአትር ዕውቀት አይጠይቅም።

አሁን ወደ ምርጫው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ፤ ክረምቱን በዚህ አሳልፉት።

ሞኖሎጉ ከታተመ ተውኔት ይሁን። ከፊልም አይሁን፣ ራሷ የጻፈችውም አይሁን፣ ኢንተርኔት ላይ «ለኦዲሽን የሚሆኑ ሞኖሎጎች» ተብለው ከተደረደሩት ባለቤት አልባ ጽሑፎችም አይሁን። ሙሉ ተውኔቱን ታንብበው፣ ይጠይቋታል። ለዕድሜዋ የሚቀርብ ሰው ትምረጥ። የ17 ዓመት ልጅ ባሏ የሞተባትን የ50 ዓመት ሴት ሆና ስትጮህ አይቻለሁ፣ ቀሽም ነው፣ ሰው ያፍርላታል። ጩኸትና ለቅሶ ብቻውን ትወና አይደለም። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ሰው አንድ ነገር የምትፈልግ ልጅ ናት መታየት ያለባት፤ ይቅርታ፣ ገንዘብ፣ ፈቃድ፣ ምንም ይሁን። የምታናግረውን ሰው ከፈታኞቹ ራስ ትንሽ ከፍ አድርጋ ታስቀምጠው። ዓይናቸውን እያየች አትናገር፤ እነሱ ማስታወሻ መጻፍ ነው የሚፈልጉት፣ አብረዋት መተወን አይደለም። የራሷ ያልሆነ የአነጋገር ዘዬም አትሞክር።

ዘፈኑ ላይ ስለ ልጅሽ የማስበው ነገር አለ። መዝሙር ላይ ያደገች ልጅ ጆሮ አላት፣ ትንፋሽ አላት፣ ሰው ፊት መቆምም አይከብዳትም። ነገር ግን የኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፣ ትዝታም በይው ባቲም በይው፣ እና እኛ የምናስረቀርቀው ነገር አለን። የሙዚቃል ዘፈን ላይ ያ ማስረቅረቅ ሳታውቀው ይገባባታል። የወንድሜን ልጅ የመዘምራን አስተማሪዋ በመጀመሪያው ቀን ያሏት «የተጻፈውን ዝፈኚልኝ፣ ኋላ የራስሽን ትጨምሪያለሽ» ነው። ትክክል ነበሩ። ሁለቱን ዘፈኖች የተለያዩ ታድርጋቸው፤ አንዱ ድሮ የተጻፈ፣ ረጋ ያለ፣ ከፍ ያለውን ለስላሳ ድምፅ የሚያሳይ፣ ሌላው ያሁን ጊዜ፣ ሞቅ ያለ፣ በደረት የሚወጣ። ጉሮሮዋ ደህና ቀን ብቻ የሚደርስባትን ከፍታ ትተው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጉንፋን ይዟትም፣ እንቅልፍ ሳትተኛም የምትዘፍነው መሆን አለበት።

«16 ባር»፣ «32 ባር» ሲሏት ከዘፈኑ የተቆረጠ ቁራጭ ማለታቸው ነው። የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ምልክት ይደረግበት። ወረቀቱ ባይንደር ውስጥ ይታሰር፣ መብራት የሚያንጸባርቅ ፕላስቲክ ውስጥ አይሁን። ለፒያኒስቱ ፍጥነቱን በጣቷ እያጮኸች አታሳየው፣ ነውር ነው፤ የመጀመሪያውን መስመር ቀስ ብላ ታንጎራጉርለት። ከዚያ እህቴ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች አንቺ ራስሽ እዪው። ታችኛውን መስመር!

ዳንሱ አያስጨንቅሽ ማለት ውሸት ይሆንብኛል። በአሥር ወር ባሌሪና አትሆንም። ነገር ግን የዳንስ ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ በቡድን ነው፤ አጭር እንቅስቃሴ እዚያው ያስተምሯቸዋል፣ ከዚያ እየከፈሉ ያሠሯቸዋል። አሁኑኑ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የባሌት እና የጃዝ ዳንስ ክፍል ትጀምር፣ ለጀማሪ የሚሆን፣ ከእሷ ያነሱ ሕፃናት መሃል መቆም ቢያሳፍራትም። ዓላማው ቋንቋውን ማወቅ ነው። ፕሊዬ፣ ታንዱ፣ ፒሩዌት ሲባል ግራ ካልተጋባች ግማሹን አለፈችው። ከተሳሳተች ፊቷን ሳታጨማድድ ትቀጥል። እግሯ የተሳሳተውን ብዙ ሰው አያየውም፣ ፊቷ የተናዘዘውን ግን ሁሉም ያየዋል።

እስክስታው ደግሞ ለዋይልድ ካርዱ ነው። ይህን ስልሽ ግን «ባህል ልሽጥላቸው» በሚል እንዳይሆን። ከትከሻዋ ጋር ያደገች ከሆነ፣ ሠርግ ላይ ሳትለመን የምትነሳ ከሆነ፣ ያ እሷ ናት፣ ታሳይ። ለፈተና ብላ ሐሙስ ቀሚስ ተበድራ የምታጠናው ከሆነ ይቅር። ዋይልድ ካርድ ላይ ክራር የሚመታም፣ ካርታ የሚያጫውትም፣ ዳቦ የሚጋግርም አለ። ሌላ ቪዲዮ ላይ የማይታየውን ማንነቷን ማየት ነው የሚፈልጉት።

ስሟ። እባክሽ አታሳጥሪው በያት። ቪዲዮው የሚጀምረው ስሟን ተናግራ ነው፣ አዳራሽም ስትገባ የመጀመሪያው ቃሏ ስሟ ነው። ሰው የራሱን ስም እየፈራ ሲናገር ወዲያው ያስታውቃል። ቀስ ብላ፣ እናቷ በምትጠራት አጠራር ትበለው። ከተሳሳቱ ፈገግ ብላ አንዴ ታርማቸው፣ ያልፋል። ኋላ የመድረክ ስም ማውጣት ከፈለገች ያኔ የራሷ ጉዳይ ነው፣ ዛሬ ግን በኀፍረት አይሁን።

አሠልጣኙን በተመለከተ፦ ጥሩ አሠልጣኝ ይጠቅማል። ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠቅመው ግን ሺሁ ላለው ሰው ነው። መጀመሪያ ነፃ ያሉትን አሟጥጡ፤ የትምህርት ቤቷ የድራማ አስተማሪ አለ፣ የመዘምራን አስተማሪው አለ፣ ቤተ መጻሕፍት ተውኔት በነፃ ያውሳል። ከዚያ ምርጫዋን ይዛ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ብቻ ከአንድ ባለሙያ ጋር በሰዓት ከፍላ ብትሠራ በቂዋ ነው። «እንደምትገባ ዋስትና እሰጣለሁ» ያለሽ ካለ ግን ቦርሳሽን ይዘሽ ሩጪ። ማንም እንዲህ ያለ ዋስትና ሊሰጥ አይችልም።

ገንዘብ ካነሳን፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የማመልከቻው ክፍያና ለኦዲሽኑ የሚጠየቀው ተደምሮ ከ100 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ «ሁሉም ቦታ ላመልክት» ስትል ያዝ አድርጊያት። ኮመን አፕ (አንድ ማመልከቻ ሞልተሽ ለብዙ ኮሌጆች የምትልኪበት ድረ ገጽ) ራሱ ከ20 በላይ አይፈቅድም። እኔ ብሆን ስምንት ወይም አሥር ኦዲሽን ያላቸው፣ ከእነሱ መሃል ሦስቱ ስማቸው ብዙ የማይጠራ፣ ከዚያ በተጨማሪ ደግሞ ኦዲሽን የሌላቸው፣ በውጤቷ የምትገባባቸውና ልትከፍሉት የምትችሉት ሁለት ወይም ሦስት እይዛለሁ። እነዚህን የመጨረሻዎቹን እንደ ቅጣት አትዩዋቸው። ሄዳችሁ እዩ፣ ትወዳቸው። መጋቢት ላይ አሥር «አይሆንም» ተደራርቦ ሲመጣ የሚያድኗት እነሱ ናቸው። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ክፍያው እንዲነሳላት በትምህርት ቤቷ አማካሪ በኩል ጠይቁ፣ ሼም የለውም፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው።

«ኧርሊ ዲሲዥን» በሚለው መንገድ ልታመለክት ስትል ግን ቆም በሉ። ከተቀበሏት የመግባት ግዴታ አለባት፣ የሌሎቹን የገንዘብ እርዳታ ሳታወዳድሩ ማለት ነው። ፋፍሳውን (የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ እርዳታ የሚጠየቅበትን ቅጽ) በጊዜ ሙሉ። ብዙ ቦታ በችሎታ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ አለ፣ እሱም ከኦዲሽኑ ጋር ነው የሚወሰነው። የሁሉም መልስ ከገባ በኋላ የተጣራውን ወጪ ጎን ለጎን አስቀምጡና እስከ ሜይ 1 ወስኑ። እዚህ ላይ ጨካኝ ልሁንና፣ ለተዋናይነት ተብሎ ትልቅ ብድር መፈረም አልደግፍም። ስሙ የገነነው ትምህርት ቤት 60 ሺህ ዶላር ዕዳ ቢያሸክምሽና ያልገነነው በነፃ ቢወስዳት፣ ያልገነነውን ውሰጂ። ተዋናይ ስትሆን ኪራይ የሚያስጨንቃት ልጅ ኦዲሽን ላይ ያስታውቅባታል።

የጊዜው ነገር እንዲህ ነው፦ ክረምቱን ምርጫና ልምምድ፣ በኦገስት ኮመን አፕ ይከፈታል፣ ቪዲዮዎቹን ትምህርት ሳይከፈት ወይ ሴፕቴምበር ላይ ቅረጹ። የብዙዎቹ ማብቂያ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ነው። በአካል የሚደረገው ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ መልሱ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ይገባል። ሲኒየር ዓመቷ እንግዲህ ይኸው ነው፣ ሌላ ክለብ ካለባት ከአሁኑ ቀንሺላት።

«አይሆንም» ይመጣል። ብዙ ይመጣል። ክፍሉን እንደ ቡድን ነው የሚያዋቅሩት፤ ሦስት ሶፕራኖ (ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች) ወስደው ከሆነ አራተኛዋ ምንም ብትዘፍን ቦታ የለም። ይህን ፈታኙ አይነግራትም፣ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ኮሪደር ላይ ስትወጣ «እንዴት ነበር? ምን አሉሽ? ሳቁ?» እያልሽ አትቀበያት። ውኃ ስጪያትና ምሳ የት እንብላ በያት። እኔ ይህን የተማርኩት በአራተኛው ትምህርት ቤት ነው፣ ልጅቷ «አክስቴ ፊትሽ ከፈታኞቹ ይብሳል» ካለችኝ በኋላ።

የነርስነቱን ነገር አልረሳሁትም። ተይው ለጊዜው። በግድ ነርስ የሆነች ልጅ ለበሽተኛውም አትሆንም። ቢኤ የሚሰጥ ቦታ ከገባች ሌላ ትምህርት የምትደርብበት ዕድል አለ፣ ይህንን ግን አንቺ አታንሺው፣ ራሷ ታንሳው።

አባትየው። «አዝማሪ» ሲል የክፋት አይደለም፣ እኛ ያደግንበት ቃል ነው፣ ዘፋኝ በሠርጉ ጠርተን ልጃችንን የማንሰጥ ሰዎች ነበርን። አንድ ነገር አስታውሺው። የፊልም ዳይሬክተሩን ኃይሌ ገሪማን ያውቃቸዋል። ወደ አሜሪካ የመጡት በ1967 ነው፣ ያውም ቺካጎ፣ ጉድማን በሚባል የድራማ ትምህርት ቤት ትወና ሊማሩ። አባታቸውም ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። ፊልሙ ኋላ ነው የመጣው፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ማስተማሩም ኋላ ነው። ያ የጉድማን ትምህርት ቤት ዛሬ የዴፖል ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ቤት ሆኗል፣ አሁንም በኦዲሽን ተማሪ ይቀበላል። ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡት፣ ቢያንስ ስሙን ሲሰማ አባትየው ጆሮውን ያቀናል።

ግን በንግግር ብቻ አይመለስም፣ ወንድሜን ስለማውቅ ነው። ሥራ ስጪው። ፕሪስክሪኑን የሚቀርጽ ሰው ያስፈልጋል። ስልክ ይበቃል፣ ካሜራ አትግዙ። ግድግዳው ባዶ ይሁን፣ መብራቱ ከፊቷ ይምጣ፣ መስኮት ከጀርባዋ አይሁን። ሙዚቃው ድምፅዋን እንዳይውጠው ማጫወቻው ራቅ ይበል። እያንዳንዱ ዘፈንና ሞኖሎግ ሳይቆራረጥ በአንድ ትንፋሽ ይቀረጻል፤ ስለዚህ ከተሳሳተች ከመጀመሪያው ነው፣ ውሻ ከጮኸም ከመጀመሪያው ነው። ወንድሜ «አንዴ ብቻ ይዤላት እሄዳለሁ» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ገባ፣ ማታ ሲወጣ ሞኖሎጉን በቃሉ ይለው ነበር። ሰላሳ ምናምን ጊዜ ነው የተቀረጸው። በአሥራ አምስተኛው ላይ «ቅድም ‹እማዬ› ስትይ አንገትሽን ደፋ ያደረግሽው ይሻል ነበር» ሲላት እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፣ ሽንኩርት መክተፌን አቁሜ ነው የሰማሁት። ሦስት ወር ያላናገራት ሰው ነው።

ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ስልኩን ለአባቷ ስጪው። በጎን ይያዘው በይው፣ ብዙዎቹ በቁም የተቀረጸ አይፈልጉም።